ጨው የሌለው ሳምቡሳ

በሽታም እንደ ሰፈር ደረጃ አለው። ጉንፋን የሁሉም ነው፤ ማንም አይኮራበትም። ጨጓራ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በየቢሮው ጠረጴዛ ላይ፣ ከማኅተሙ ጎን፣ ነጭ ሽሮፑ ቆሞ ታዩታላችሁ። ስኳርና ደም ግፊት ከፍ ያሉ ናቸው፤ ያለበት ሰው ሠርግ ቤት ገብቶ «እኔ እንኳን ተከልክያለሁ» ሲል ድምፁ ውስጥ የሆነ ሹመት ይሰማል። ልብ ግን ሌላ ነው። «ልቡን ያመዋል» ሲባል ሰው ሁሉ ድምፁን ይቀንሳል፣ ወንበር ይለቃል፣ ትናንት ያማውን ሰው ዛሬ ያመሰግናል። የልብ በሽታ የትልቅ ሰው በሽታ ነው።

እኛ ግቢ የያዘው ቦቢን ነው።

ቦቢ ውሻ ነው።

አዎ፣ አውቃለሁ። «ለሰው ያልተገኘ መድኃኒት ለውሻ!» ልትሉ ነው። እኔም ብያለሁ፤ ያውም በሆዴ፣ በጣም ጮክ ብዬ። ግን ቆዩማ፤ መጀመሪያ ግቢውን ላሳያችሁ።

ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነን። አዲሱ ሰፊ መንገድ ከአጥራችን ሥር ያልፋል፤ ማታ መብራቱ የሠርግ ቤት ያስመስለናል። ግማሹ ጎረቤት ተነሥቶ ሄዷል። እኛ እንደ አንድ ቀሪ ጥርስ ብቻችንን ቆመናል፤ ባለቤቲቱ እትዬ አስካለ፣ ተከራዩ እኔ፣ በአጥር የምንገናኛቸው ባለሱቁ ጋሽ ከድር፣ እና ቦቢ።

እትዬ አስካለ ሠላሳ ዓመት በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፕ ሲመቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባላቸውን የቀበሩ፣ ልጅ ያላደላቸው ሴት ናቸው። ታይፑ ጣታቸውን ቢያፈጥንም ጆሮአቸውን ወስዶባቸዋል። በግራው ትንሽ ይሰማሉ፤ በቀኙ ምንም። የውጭ በር ሲንኳኳ የሚሰማላቸው ቦቢ ነው። መጀመሪያ ይጮሃል። ጩኸቱ እንደማይሰማ ስለሚያውቅ ቤት ገብቶ ቀሚሳቸውን በአፍንጫው ነካ ያደርጋል፣ ከዚያ ፊት ፊት እየሄደ በሩ ድረስ ያደርሳቸዋል። ማሰሮ ሲገነፍልም እንዲሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላረፈደም። እንዲህ ያለ ሠራተኛ በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አንድ ቢመደብልን ይህች አገር የት በደረሰች።

ጆሮ የነሣቸው አምላክ ግን ዓይን ጨምሮላቸዋል። ከሳሎናቸው መስኮት ሥር ተቀምጠው ማን ወጣ፣ ማን ገባ፣ ማን በፌስታል ምን ይዞ መጣ፣ አንዱም አያመልጣቸውም።

ይህን ያዙልኝ።

*

ቦቢ ማሳል የጀመረው ገና ባለፈ ሳምንት ነው። ዳማከሴ ተጨመቀለት። ማር እንዲልስ ተሰጠው። ሳሉ ሲብስ እኔ ተሸክሜው፣ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወሎ ሰፈር ወደሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ሄድን። ተራ ስንጠብቅ አጠገባችን አንድ ሰውዬ የብስኩት ካርቶን ታቅፎ ተቀምጧል። ካርቶኑ ውስጥ ድመት አለች።

«ልቧ ይሮጣል አሉኝ» አለኝ ሳልጠይቀው።

«ምን አስሮጠው?»

«እኔ እንጃ። እሷ እንኳን ከሶፋ አትነሳም።»

ዶክተሯ ወጣት ናት። ቦቢን ደረቱ ላይ ረጅም ጊዜ አዳመጠችው፤ ከዚያ ልቡ ደክሟል፣ ስለዚህ ሳንባው ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል አለች። ለውሻ ተብሎ የተሠራው መድኃኒት እዚህ ስለማይገኝ የሰውን ልታዝለት ነው። «ጠዋት ጠዋት አንድ ክኒን። አንድም ቀን እንዳይዘለል። ጨው የለም፣ ሽንኩርት የለም። ሽንት ያበዛል፤ እንዳትደነግጡ። መደንገጥ ካልበዛ ነው።»

ማዘዣ ወረቀቱ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ ይላል። ዶክተሯ ትንሽ አሰበችና «ቦቢ አስካለ፣ 11» ብላ ጻፈች።

ፋርማሲው ሰልፍ ነበረው። ተራችን ሲደርስ ፋርማሲስቱ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ቦቢ አስካለ!» ብሎ ተጣራ፤ ከዚያ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ዐሥራ አንድ ዓመት? በዚህ ዕድሜው ልብ?» አለ። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየን። ከኋላችን የቆሙ አንዲት እናት ደረታቸውን ይዘው «እኔን! እግዚአብሔር ይማረው ልጄን» አሉ።

«አሜን» አሉ እትዬ አስካለ፣ ፈርጠም ብለው።

ዋሹ አትበሉ። ምርቃት ማን ይመልሳል?

ክኒኑ ሠራ። በቁራጭ ሥጋ ጠቅልለን እንሰጠዋለን፣ ይውጣል፣ እግሩን አንሥቶ የግቢውን ጽጌረዳ ያጠጣል፣ ሳሉ ይጠፋል። ሰው ሲመጣ ቀሚሳቸውን ይነካል። ጥምቀት አለፈ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ።

*

እኛ ጋ ጾም ሲገባ የሚጾመው ሰው ብቻ አይደለም። ሉካንዳው መጋረጃውን ጥሎ ይጾማል። የፍስኩ ድስት ታጥቦ ቁም ሣጥን ላይ ይወጣና እዚያ ሆኖ ይጾማል። የእትዬ አስካለ ፍሪጅም በሎሚ ታጥቦ ይጾማል፤ ስትከፍቱት ጎመንና ብርሃን ብቻ ነው።

ቦቢ ግን አይጾምም። ሞክረነዋል። ክኒኑን በሽሮ ጠቀለልንለት፤ ሽሮውን ልሶ ክኒኑን መለሰልን። በምስር አደረግነው፤ ምስሩን በላ፣ ክኒኑን መለሰ። የለውዝ ቅቤ፣ ድንች፣ ዳቦ። ክኒኑ በገባ ቁጥር ሲገባ ከነበረው ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ይወጣ ነበር። ሁለት ቀን አለፈ። በሁለተኛው ቀን ማታ ሳሉ ተመለሰ።

«በቃ ሥጋ እኔ ልግዛለት» አልኩ።

እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ደግሞ በጾም ሥጋ የሚሸጥበትን የት ታውቃለህ?»

ስታዲየም አካባቢ ሁለት ቦታ አውቃለሁ። ወሎ ሰፈር አንድ። ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር፣ ጥብሱን በሮዝሜሪ የሚሠራ አንድ አለ፤ ስሜን ጭምር ያውቃል።

«አላውቅም» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ይህን ቤት ልከራይ ስመጣ እትዬ አስካለ የጠየቁኝ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ትጾማለህ?» ቤቱ ደግሞ ደስ ይል ነበር። «እጾማለሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየጾሙ ማታ ማታ ሽሮ በትንሽ ድስት እየላኩልኝ፣ እኔም ከጥብስ ስመለስ ሽሮውን እየበላሁበት፣ ተከባብረን እንኖራለን። አንዲት ቃል ናት። ግን ቃል እንደ ውሻ ነው፤ አንዴ ካበሉት አይሄድም።

መፍትሔው ከአጥር ማዶ መጣ። ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች ተገጣጥመዋል፤ ጋሽ ከድርም ረመዳን ይዘዋል። ቀን አይበሉም፤ ግን ማታ ሲያፈጥሩ ቤታቸው ሥጋ አለ። ችግሩ ሥጋው የሙስሊም ሥጋ መሆኑ ነው። እትዬ አስካለና ጋሽ ከድር አርባ ዓመት በአንድ እድር ሲቀባበሩና ሲደጋገሱ ኖረዋል፤ በአርባው ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን ሥጋ ቀምሶ አያውቅም። ድግስ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፣ አብሮ ይሳቃል። ይህ ሕግ ውሻን ይመለከት እንደሆነ ግን ማንም አስቦበት አያውቅም።

እትዬ አስካለ ለንስሐ አባታቸው ደወሉ። እሳቸው ስልክ ሲያወሩ ግቢው በሙሉ ያወራል።

«አባ! ውሻዬ የሙስሊም ሥጋ ቢበላ ኃጢአቱ የማን ነው?»

አባ የመለሱት አይሰማም።

«አይ! አልተጠመቀም! አልተጠመቀም አባ!» ዝምታ። «እንዲያ ከሆነ እሺ።»

ከአጥር ማዶ ጋሽ ከድር ይስቃሉ። «አስካለ፣ አንቺስ ጠየቅሽ። የኔንስ ማን ይጠይቅልኛል? ውሻ በምላሱ ከነካኝ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ። ውሃው ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው!»

«አንተን ማን ንካ አለህ? ሥጋውን አቀብለኝ።»

«አንቺስ ሥጋውን ትነኪያለሽ?»

«በፌስታል ይዤ።»

እንዲህ ሆኖ ተወሰነ። ጋሽ ከድር ሥጋውን እንጂ ውሻውን አይነኩም። እትዬ አስካለ ውሻውን እንጂ ሥጋውን አይነኩም። አንድ ክኒን አንድ ጉሮሮ ውስጥ እስኪገባ ሁለት ሃይማኖት ተባበረ። ግቢው ውስጥ ሁለቱንም መንካት የሚችል አንድ ሰው ነበር። እሱ ግን ጾመኛ ነኝ ብሏል።

*

ሽሮውና ምስሩ አንቅተውት ኖሮ፣ ቦቢ በመጀመሪያው ቀን ከሥጋው ውስጥም ክኒኑን ለይቶ ተፋ። ጋሽ ከድር ተናደዱ። ሰው ያላታለላቸው ነጋዴ በውሻ ሊታለሉ ነው። «ቆይ፣ ሳምቡሳ እሠራለታለሁ» አሉ። ሠሩም። ጨው የሌለው፣ ሽንኩርት የሌለው፣ ቃሪያ የሌለው የተፈጨ ሥጋ፤ ሁለት ሳምቡሳ፤ አንድ ትልቅ፣ አንድ ትንሽ። ክኒኑ ካንዱ ውስጥ ነው። በሌላው ውሻው ይዘናጋል። ጾም ላይ ስለሆኑ አልቀመሱትም፤ የሚቀመስም አልነበረውም።

ሳምቡሳው ማታ በአጥር ላይ ያልፋል፤ ክኒኑ ግን የጠዋት ነው። የት ይደር? የእትዬ አስካለ ፍሪጅ ጾመኛ ነው።

«ያንተ ፍሪጅ ባዶ ነው፤ የሚረክስ ነገር የለውም» አሉኝ።

ማታ በፌስታል ይዘው፣ በሌላ ሳህን ከድነው፣ ፊታቸውን አዙረው ያስገባሉ። ጠዋት መጥተው ይወስዳሉ። ለቦቢ ሳህኑ ላይ ሲገለብጡለት ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ጾመኛ ዓይን ሥጋ እንዳያይ። ከጠዋት እስከ ማታ ዓይናቸውን የሚጨፍኑት በዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ከዚያ «በላ?» ይላሉ። «በላ» እላለሁ። ቦቢ ይበላል፣ ጽጌረዳዋን ያጠጣል፣ አይስልም። አንድ ሳምንት እንዲህ አለፈ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ልጠጣ ፍሪጁን ከፈትኩ።

እዚህ ጋ ቢያንስ ስለ አስተሳሰቤ ክብር እንድትሰጡኝ እፈልጋለሁ። ዝም ብዬ አልተስገበገብኩም፤ አሰብኩ። ሁለት ሳምቡሳ አለ። አንዱ መድኃኒት ነው፣ አንዱ ትርፍ ነው። ክኒን ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታ ያለው ትልቁ ነው። ስለዚህ ትንሹ ትርፍ ነው። በትርፍ ነገር ማን ይጎዳል? ቦቢ ደጃፌ ላይ ተቀምጦ ጭራውን እየወዘወዘ ያየኛል። ትንሹን አነሣሁት። ጨው የለውም። ሽንኩርት የለውም። ቃሪያ የለውም። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

በላሁት።

መሐል ላይ አንድ ነገር ቀጭ አለብኝ። ሊጡ መስሎኝ አላመጥኩ።

በማግስቱም በላሁት። በማግስቱም። ጥብስ ቤቱ በእግር ሩቅ ነው፣ ፍሪጁ ቅርብ ነው። አራት ጠዋት በተከታታይ፣ ቦቢ እያየኝ።

በእነዚያው ቀናት አንድ ነገር ጀመረኝ። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ነው፤ ለመሄድ በእትዬ አስካለ መስኮት ሥር ማለፍ የግድ ነው። ከቁርስ እስከ ምሳ ስድስት ጊዜ አለፍኩ። በሁለተኛው ቀን ስምንት ጊዜ። ለመጻፍ ተቀምጬ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አቃተኝ፤ ይህችን አጫጭር አጻጻፌን ያመጣው ያ ሩጫ ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አፌ ይደርቃል፣ ስነሣ ያዞረኛል። ስልኬን ከፍቼ ምልክቶቹን አነበብኩ። ስኳር ነው። ደነገጥኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ትንሽም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከጨጓራ ወደ ስኳር ማደጌ ነው።

*

በአራተኛው ቀን የቆጣሪ አንባቢው መጣ። አንኳኳ። ደገመ። እኔ ሽንት ቤት ነበርኩ። ስወጣ በሩ አሁንም እየተደበደበ ነው፤ እትዬ አስካለ ከመስኮታቸው ሥር ጎመን ይቀነጥሳሉ፤ ምንም አልሰሙም። ቀሚሳቸውን የነካ የለም።

ቦቢን ያገኘነው ከበሩ ሁለት እርምጃ ርቆ ነው። ሊመጣ ተነሥቶ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሆዱ እንደ ወናፍ ይወጣል ይወርዳል፤ ምላሱ ቀለሙን ቀይሯል። እትዬ አስካለ ጎንበስ ብለው እጃቸውን ደረቱ ላይ አደረጉ። ባላቸው ሲሞቱ ያላለቀሱ ሴት ናቸው ይባላል። አሁንም አላለቀሱም። ግን እጃቸው ላይ የነበረውን ጎመን አልጣሉትም፤ ይዘውት ታክሲ ውስጥ ገቡ።

የታክሲው ሹፌር «ማዘር፣ ይቅርታ፣ ውሻ አልጭንም» አለ።

«ውሻ አይደለም፤ ታማሚ ነው» አሉት። ጫነን።

ዶክተሯ አዳመጠችውና ፊቷ ተለወጠ። ቶሎ መርፌ ወጋችው። ከዚያ ወደ እኛ ዞረች።

«ሳንባው ውሃ ሞልቷል። ክኒኑን እየወሰደ ነው?»

«በየቀኑ» አሉ እትዬ አስካለ።

«በየቀኑ» አልኩ እኔ።

«ሽንቱስ? በዝቷል?»

«እሱስ... ሰሞኑን እንኳን አልበዛም» አሉ እሳቸው።

«ታዲያ አልወሰደም ማለት ነው» አለች ዶክተሯ። «ክኒኑ ከተዋጠ የግድ ይበዛል። የወሰደው አካል አይደብቀውም።»

እትዬ አስካለ ስለ መስኮታቸው እያሰቡ ነበር። ቀስ ብለው፣ እንደ ታይፕ ጋሪ ከዳር እስከ ዳር ዞረው፣ እኔን አዩኝ።

«በግቢያችን ሽንት የበዛበት» አሉ፣ «አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የተኛው ቦቢ እንኳ አንድ ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። እኔ የማደርገው ቢጠፋኝ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሽንቴ መጣ።

ስመለስ ዶክተሯ ሳቋን ጨርሳ ጠበቀችኝ። ያዞረኝ እንደሆነ፣ ውሃ እጠጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ የሰው ሐኪም ጋ ሄጄ እንድታይ አዘዘችኝ። ቦቢን እስከ ዐሥር ሰዓት አቆየችው። ትንፋሹ እየሰከነ፣ ምላሱ እየቀላ መጣ፤ በመጨረሻ የጠረጴዛዋን እግር አጠጣ። እትዬ አስካለ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም።

*

ስንመለስ ታክሲው ውስጥ ቦቢ እግራቸው ላይ ተኝቷል። እኔ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። ወሎ ሰፈርን አልፈን ብዙ ሄድን።

«መቼ አወቁ?» አልኩ በመጨረሻ፣ ወደ ግራ ጆሮአቸው ጠጋ ብዬ።

«ሳምቡሳውን ዛሬ።»

«ጾሙንስ?»

«በመጀመሪያው ዓመት ነዋ። የጾመ ሰው ሆሳዕና ሲደርስ ፊቱ ይጠቁራል። አንተ ትወፍራለህ።»

«ታዲያ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አሉኝ?»

የቦቢን ጆሮ ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ከእግዜር ጋር ያለህን አንተ ታውቃለህ ብዬ ነዋ። ከቦቢ ጋር ያለህን ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለተኛ እንዳይለምድህ።»

አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ በወደድኩ። ማታም ሽሮው በትንሹ ድስት እንደወትሮው መጣ፤ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ርቦኝ በላሁት።

ጋሽ ከድር ወሬው ሲደርሳቸው አጥሩን ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «እኔ ትንሹ ውስጥ የማደርገው ሳያኝክ እንዲውጠው ብዬ ነው!» አሉ። «ለመሆኑ ሳምቡሳዬ እንዴት ነበር?»

«ጨው አንሶታል።»

«ልብህስ? አሁን ደህና ነው?»



በማግስቱ ጠዋት እትዬ አስካለ መጡ። ፍሪጁን ራሳቸው አልከፈቱም። «ዛሬ አንተ ስጠው» ብለው ደጃፉ ላይ ቆሙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለቱን ሳምቡሳ የቦቢ ሳህን ላይ አደረግሁ። ቦቢ አሸተተ። ትልቁን በላ። ከዚያ ትንሹን በአፍንጫው እየገፋ፣ እየገፋ፣ አምጥቶ ጫማዬ ጫፍ ላይ አስቀመጠና ተቀምጦ ጭራውን ይወዘውዝ ጀመር።

አራት ቀን ሲያየኝ ከርሟል። ትንሹ የኔ ድርሻ ነው ብሎ ይዟል።

«በላ?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ወደ አፌ አስጠጋሁት፣ ባዶ አፌን አላመጥኩ፣ «እም» አልኩ። ቦቢ ምራቁን ዋጠ። ያኔ እንደ ተካፋይ ወዳጅ ሰጠሁት፤ ሳያኝክ ዋጠው።

«በላ» አልኩ።

እስከ ፋሲካ በየጠዋቱ ይኸው ሆነ። ረመዳን ሲፈታ ጋሽ ከድር ሳምቡሳውን አልተዉም፤ ዒድ ለሰው እንጂ ለክኒን አይደለም አሉ። እኔም ጾሜን ጨረስኩ፤ ሆሳዕና ሲደርስ ፊቴ ጠቁሮ እትዬ አስካለ አዩኝ፣ ሽሮው ላይም አቡካዶ ተጨመረ። ስድስት ዓመት በአንዲት ሴት ፊት እየበላሁ የጾምኩ አስመሰልኩ፤ ዘንድሮ በአንድ ውሻ ፊት እየጾምኩ የበላሁ አስመስላለሁ።

እሳቸው አንድም ቀን አላመኑኝም። ቦቢ ግን እስካሁን ያምነኛል፤ በር ሲንኳኳም ቀሚሳቸውን ይነካል።